ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ስም

ከአምቦ የወጣሁ ዕለት አመሻሽ ላይ እናቴ የፎቶ አልበሙን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። መኪናው ውጭ ቆሟል፤ ሾፌሩ ክላክስ በላይ በላዩ ያደርጋል፤ ታናሽ እህቴ ቢፍቱ ሻንጣዬ ላይ ወጥታ ዚፑን ለመዝጋት ትታገላለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ገብቶ ምክሩን ያዘንብብኛል። አንዷ ካልሲ ደርበሽ ልበሺ ትላለች፣ ሌላዋ ጀርመን አገር ጨው አለ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ እጄን ይዘው እየመረቁኝ አልለቅም ብለዋል። እኔ ግን ልዋሻችሁ አልችልም፣ ዓይኔም ልቤም አልበሙ ላይ ነበር። ይዤው ልሄድ ፈልጌያለሁ።

“አይሆንም!” አለች አዮ። መታወቂያዋ ላይ ጋዲሴ ቢልም፣ እናታችንን አዮ ነው የምንላት፣ በኦሮምኛው። “አንቺ ትሄጃለሽ፣ እነዚህም ይሄዳሉ፣ እኔና ቢፍቱ ከግድግዳው ጋር ልናወራ ነው?”

“አዮ መሎ፣ እባክሽ፣ ግማሹን እንኳ።”

“ሰው ተካፍሎ ያውቃል? ሂጂ ወዲያ!”

ክላክሱ እንደገና ጮኸ። ያኔ አንድ ፎቶ ከላስቲኩ ውስጥ መዥረጥ አድርጋ አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ። “በቃ ይቺን ያዢ። እሳቸው ይጠብቁሽ” አለችኝ።

እሳቸው የምትለው የአባቴን እናት ነው። እኛ ልጆቹ አኮ ነበር የምንላት፣ አያቴ እንደማለት። እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ አገሯ ሸነን ነው ያረፈችው። ፎቶው ላይ ቤቷ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የታጠፈ ጃንጥላ ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ አንድ እግሯን ከመሬት አንሥታ ካሜራውን ትቆጣዋለች። ልብሴ ውስጥ ሸጎጥኳትና መኪናው ውስጥ ገባሁ። አለቀስሽ ወይ ብትሉኝ፣ አለቀስኩ እንጂ! ጊንጪ ስንደርስ ሾፌሩም አብሮኝ ማልቀስ ጀመረና መንገዱ እንዳይጠፋው ፈርቼ እኔ ተውኩት።

የተማርኩት ነርስነት ነው። ጀርመኖች አረጋውያንን የሚንከባከብላቸው ሰው ጠፍቶ ከየአገሩ ወጣት እያስመጡ ያሠለጥናሉ። ቋንቋውን አዲስ አበባ ተምሬ፣ ፈተናውን አልፌ፣ ወረቀቱ መጥቶልኝ በአውሮፕላን ነው የሄድኩት። ባሕር አላቋረጥኩም፣ በረሃ አላየሁም። በዚያ መንገድ ያለፋችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ ፊት ስደተኛ ነኝ ማለት ያሳፍረኛል። ናፍቆት ግን የቪዛውን ዓይነት አይጠይቅም።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የጉምሩክ ሰውዬ ሻንጣዬን አስከፍቶ ጩኮዬን አገኘው። የማታውቁት ካላችሁ፣ ጩኮ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የሚታሽ የመንገደኛ ስንቅ ነው። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ወደ ኋላው ሸሸ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ገብስና ቅቤ።”

“ይበላል ወይስ ይቀባል?”

“ቅቤው ለብቻው ቢሆን ይቀባል። አሁን ግን ይበላል።”

“የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው።”

“እዚሁ ብበላውስ?”

ሰውየው ወደ ባልደረባው ዞረ፣ ባልደረባው ትከሻውን ሰበቀ። ትንሽ አሰበና “እዚህ ከበሉት አላስገቡትም ማለት ነው” ብሎ ፈረደልኝ። ቆሜ በላሁ። ሰዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ያልፋሉ፣ እኔ እበላለሁ። ሆዴ እምቢ ሲል የቀረውን ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። እንግዲህ የእናቴ ቅቤ ጀርመን የገባው በሆዴ ነው።

የምኖርባትን ከተማ ስም ብነግራችሁ አትጠሩትም፤ እኔም አፌ እስኪለምደው ተሠቃይቻለሁ። ውሃቸው ጋዝ አለው፣ ‘ሚት ኮለንዞይረ’ ይሉታል። መጀመሪያ ስቀምሰው የአገሬን ሰው ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ የአምቦ ውሃ የሩቅ ዘመድ ነው፣ መልኩ ይመሳሰላል፣ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ብርዱን አታንሡብኝ። የጭልሞ ጫካ ጠዋት ብርድ ነው ስትሉ የነበራችሁ፣ እናንተ ብርድ አታውቁም። ከሁሉ የከበደኝ ሰላምታቸው ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሰው መንገድ ላይ ከተገኘ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ የጎረቤቱ ከብት ሳይጠየቅ ይለቀቃል? እዚህ ጎረቤቴ “ሃሎ” ብሎኝ በሩን ይዘጋል። ታሞ ይሆን እያልኩ ስንት ቀን ተጨንቄያለሁ!

የነዋሪነት ወረቀት ለማውጣት አንድ ቢሮ ሄድኩ። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ “ፍራው ተሾመ!” ብላ ጠራች፣ ወይዘሮ ተሾመ እንደማለት። ዝም አልኩ። ደግማ ጠራች።

“ተሾመ አባቴ ነው” አልኳት። “እኔ ሌንሴ ነኝ።”

“ተሾመ የቤተሰብ ስምዎ አይደለም?”

“የአባቴ ስም ነው።”

“የእናትዎ የቤተሰብ ስምስ?”

“ቶላ። እሱም የአባቷ ነው።”

“ወላጆችዎ አልተጋቡም ነበር?”

“በደንብ ተጋብተዋል! በተክሊል!”

“ታዲያ ስሟን ለምን አልለወጠችም?”

“እኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም” አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ በአድናቆት አየችኝና “በጣም ዘመናዊ ናችሁ” አለችኝ። ይህን ያህል ኮርቼ ከቢሮ ወጥቼ አላውቅም።

አከራዬ ደግሞ ግድግዳውን እንደ ልጁ የሚወድ ሰው ነው። ሚስማር ለመምታት ማስፈቀድ አለብሽ የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ አለና ደወልኩለት።

“ምን ሊሰቅሉ ነው?” አለኝ።

“አያቴን።”

“አያትዎን?”

“ፎቶዋን ማለቴ ነው” አልኩ ቶሎ ብዬ።

“ገባኝ። ቢሆንም ቀዳዳው ያው ቀዳዳ ነው።”

ስለዚህ አኮ መስኮቱ ሥር፣ ከዳቦው አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። በየጠዋቱ ስወጣ ትቆጣኛለች፣ ስገባም ትቆጣኛለች፤ እውነቴን ነው፣ ያ ቁጣ ደስ ይለኝ ነበር።

የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ የማስታወስ ችሎታቸው እየከዳቸው ያሉ ናቸው። በየክፍላቸው ግድግዳ የቤተሰብ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከእያንዳንዱ ሥር በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። “ይህ ባለቤቴ ነው።” “ይህቺ የመጀመሪያዋ ልጄ ናት።” አንዳንዱ ላይ ደግሞ “ይህቺ እኔ ነኝ” ይላል። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ፣ ለራስ ማንነት ማስታወቂያ! አንድ ቀን ግን በየጠዋቱ የማጥባቸው አንዲት አሮጊት ከእንቅልፋቸው በድንጋጤ ተነሥተው ‘ማን ናችሁ፣ የት ነኝ’ እያሉ ሲጮኹ፣ ፎቶው ፊት ወስጄ አቆምኳቸው። ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ እያስኬዱ “ይህቺ እኔ ነኝ” ብለው አነበቡ። ትንፋሻቸው ተመለሰ።

የእኛን አልበም አሰብኩ። እኛ ፎቶ ጀርባ ላይ የምንጽፈው ምንድን ነው? “ለማስታወሻ ይሁንሽ።” “ስናፍቅሽ እይኝ።” ከዚያ አበባ ይሣላል። ስም የለም! ማን ለሚያውቀው ሰው ስሙን ይጽፋል? የሚያውቀኝ ያውቀኛል፣ የማያውቀኝ ምን ይሠራለታል፣ ነው ነገሩ። የሚያውቁት ሰዎች አንድ በአንድ ሲያልቁ ፎቶው የማን እንደሆነ የሚነግረን ማን እንደሚሆን ያሰበ የለም።

በዚያ ሰሞን ኃላፊዬ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ የቤተሰብ ፎቶ አምጥቶ ኮሪደር ላይ እንዲለጥፍ አዘዘች። አኮን ይዤ ሄድኩ።

“ስሟ ማን ነው? ከሥሩ ልጻፈው” አለችኝ።

“አኮ።”

“አኮ ማለት?”

“አያት ማለት ነው።”

“እሱማ ይገባኛል፣ ስሟን ነው የጠየቅኩሽ።”

አላውቀውም ነበር! የአያቴን ስም አላውቅም። የአባቴን አባት፣ የእሱንም አባት እየቆጠርኩ እስከ ሰባት ቤት መውጣት እችላለሁ፤ ይህቺ የምትቆጣኝ ሴት ግን አኮ ብቻ ናት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፣ የእሷ አብሯት ገብቷል። ያን ቀን ያፈርኩትን እፍረት አልረሳውም። ፎቶውን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ያን ሳምንት ነው ቢፍቱ የደወለችልኝ። ቢፍቱ አምቦ ውስጥ አስተማሪ ናት፣ ከአዮ ጋር ትኖራለች፤ ስትደነግጥ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። “አዮ ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ፈሰሰባት” አለችኝ። “ሌላም ቀን እንዲሁ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት።” ግላኮማ፣ የዓይን ግፊት ሕመም ነው ተባለ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብታው ያቆየዋል፣ ምን ያህል እንደሚያቆየው ግን አይታወቅም። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፣ እሱም ብቸኛ ልጅ ነበር። በዚያ አልበም ውስጥ ያሉትን ሰዎች የሚያውቅ ዓይን የቀረው የአዮ ብቻ ነው፣ እሱም እየጨለመ ነው።

እኔም ወሰንኩ። ፎቶዎቹን ሁሉ ቢፍቱ በስልኳ እያነሣች ትልክልኛለች፣ አዮ ማን እንደሆኑ ትነግረናለች፣ እኔ ከሥራቸው እጽፋለሁ፣ ከዚያ በመጽሐፍ መልክ አሳትሜ አንዱን እኔ ጋ፣ አንዱን አምቦ። ዕረፍቴ እሑድ ነው። እሑድ እሑድ አዮ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሩ ላይ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች፣ ፎቶውን አፍንጫዋ ድረስ አቅርባ ታየዋለች፣ ቢፍቱ ስልኩን ትይዝላታለች።

አዮ ነገሩን ከጠበቅኩት በላይ ወደደችው። ችግሩ ማሳጠር አለመቻሏ ነው።

“ይሄ አባ ሌንሴ ነው” አለች ስለ አባቴ። የባሏን ስም አትጠራም፣ በእኔ ስም ነው የምትጠራው። “ባኮ በቆሎ እርሻ ላይ ሲሠራ። ሸሚዙን የከፈተው ለመታየት አይደለም፣ ባኮ ሙቀት ነው። ፊቱ የጠቆረው ደግሞ ምሳ ሳይበላ ስለዋለ ነው። እሱን ጻፊ።”

“አዮ፣ ይሄ ሁሉ ከፎቶ ሥር አይገባም።”

“እንግዲያው ፎቶውን አሳንሺው!”

አንድ የሠርግ ፎቶ መሐል ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ ወፍራም ሰውዬ አለ። ማን ነው ስላት ሳቀች። “እኛ የእነሱ ወገን ነው ብለን፣ እነሱ የእኛ ወገን ነው ብለው፣ በልቶ ጠጥቶ ጨፍሮ ሄደ።” “የሁላችንም ዘመድ” ብዬ ጻፍኩለት። እንዲህ እያልን ስንስቅ ስንጣላ፣ ኢንተርኔት የተቋረጠባቸው ሳምንታትም መሐል እየገቡብን፣ አልበሙ እየተገለጠ ሄደ። በተቋረጠ ቁጥር እንቅልፍ አልነበረኝም። መስመሩ ሲመለስ አዮ ፎቶውን ከበፊቱ የበለጠ ታስጠጋዋለች።

አኮ ጋ፣ ፎቶዋ የወጣበት ባዶ ላስቲክ ጋ ስንደርስ ነው ሁሉም ነገር የቆመው።

“ይቺ እንኳ አንቺ ጋ ናት” አለችኝ አዮ። “እሳቸው ናቸው።”

“ስማቸው ማን ነው?”

“የአባትሽ እናት።”

“አዮ፣ ስማቸውን ነው።”

“ለጉ ነው፣ ኢንታላ ኮ” አለች። ልጄ ስትለኝ ነገሩ አለቀለት ማለት ነው። “ምራት የአማቷን ስም አፏ ላይ አታደርግም። ይሄንን ሳልሰብር ነው እዚህ የደረስኩት፣ አሁን ለፎቶ ብዬ አልሰብረውም።”

ለጉን አውቀዋለሁ፣ የባልንና የዘመዶቹን ስም ባለመጥራት ማክበር ነው። እኛ የከተማ ልጆች የድሮ ነገር እያልን እንስቅበታለን፤ አዮ ግን አኮ ቤት ገብታ የመጀመሪያ ሌሊቷን ካደረችበት ጊዜ ጀምሮ ኖራበታለች። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አንዴም “ያንቺ ወግ አያቴን ሊያጠፋብኝ ነው” ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት። ሌላ ሰው ይነግረናል ብለን ቢፍቱ ለለቅሶ ሸነን በሄደች ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጠየቀች። “እንዴ፣ የተሾመ እናት ናቸዋ!” አሏት፤ አገሩ ሁሉ በልጃቸው ነበር የሚጠራቸው። የአጥቢያውን ቄስ ጠየቀች። በክርስትና ስማቸው ወለተ ማርያም ናቸው አሏት። ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ወለተ ማርያም ያልሆነች ሴት ካለች እስቲ አሳዩኝ!

በዚያው ክረምት ጉንፋን ያዘኝ። የባኮዋ ኩሜ፣ አብራኝ የምትሠለጥን ጓደኛዬ፣ ሾርባ ይዛልኝ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ አዮ በስልክ ታዝዘኛለች።

“ሻይሽ ላይ ኮምጣጣዋን ጨምቀሽ በሙቁ ጠጪ። ኮምጣጣዋ አገራችሁ አለች?”

“ሞልታለች አዮ።”

ስልኩን ስዘጋው ኩሜ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። “ምንድን ናት ኮምጣጣዋ?”

“ሎሚ ናታ።”

“ታዲያ ሎሚ አይሉም?”

አይሉም። እኛ ቤት ሎሚ ተብሎ አያውቅም። ልጅ ሳለሁ ሱቅ ተልኬ “ሁለት ኮምጣጣዋን ስጠኝ” ብዬ ባለሱቁ የኮምጣጤ ጠርሙስ አስይዞኝ ተመልሻለሁ። የእናቴ የአነጋገር ጠባይ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ይህንን ስነግራት ኩሜ ሾርባውን አስቀመጠችው።

“የአባትሽ እናት ስም ሎሚ ነው እንዴ?”

“ለምን?”

“እናቴ ፀሐይ አትልም ነበር፣ የአማቷ ስም ፀሐይ ስለነበረ። ባኮን በዚያ ሙቀት አስቢው! ‘ዛሬስ የላይኛዋ አቃጠለችን’ ነበር የምትለው። ለጉ ስሙን ብቻ መሰለሽ? ስሙን የመሰለ ሁሉ አይጠራም።”

መስኮቱ ሥር ያለችውን አኮን አየኋት። ሎሚ። ስንት ሎሚ የሚባሉ ሴቶች አውቃለሁ፣ አንዷ ክፍል አብራኝ ተምራለች! የአያቴ ስም ልጅነቴን ሙሉ በየሻዩ፣ በየሰላጣው ሲታለፍ ሰምቼዋለሁ።

እሑድ እስኪደርስ እንዴት እንደቆየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። በዚያን ጊዜ የአዮ ዓይን በሩ መከፈቱን እንጂ ማን እንደገባበት አይለይም ነበር። ቢፍቱ አጠገቧ ሆና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

“አዮ፣ የአኮ ስም ሎሚ ነው?” አልኳት።

ቢፍቱ ትንፋሿን ስትውጥ ተሰማኝ።

“ማን ነገረሽ?” አለች አዮ።

“አንቺ።”

“እኔ? አፌ ቁርጥ ይበል! ከገባሁ ጀምሮ አንድም ቀን አልጠራሁም!”

“ባለመጥራትሽ ነው የነገርሽኝ። ኮምጣጣዋ ስትዪ።”

መጀመሪያ ሳቋ ቀስ ብሎ መጣ፣ ከዚያ መቆም አቃታት፤ “እኔን ብሎ ምስጢር ጠባቂ!” እያለች ጉልበቷን ትመታለች። ከሳቁ መሐል ለቅሶ ሆነ። “ይቅር ይበሉኝ” አለች፣ ለእኔ አልነበረም።

“ሳትፈቅጂ አልጽፈውም” አልኳት። እውነቴን ነበር። እምቢ እንዳትለኝም በጣም ፈርቼ ነበር።

“ጻፊው። እኔ አልጠራሁ፣ አንቺ የልጃቸው ልጅ ነሽ፣ ምን ይከለክልሻል? እግራቸውን ያነሡት ጉንዳን ስለነበረ ነው ብለሽም ጻፊ፣ ሰው ተቆጥተው ነው እንዳይል።”

“አይቆጡም ነበር?”

“ይቆጡ ነበር። ያን ቀን ግን ጉንዳን ነው።”

ጻፍኩና አነበብኩላት። “ሎሚ። የተሾመ እናት፣ የሌንሴና የቢፍቱ አያት። ሸነን፣ ቤቷ ደጃፍ። እግሯን ያነሣችው ጉንዳን ስለነበረ ነው።” የመጀመሪያውን ቃል ስል ጆሮዋ እንዳይሰማ አሳለች። ሲያልቅ “ጥሩ ነው” አለች።

አንድ ፎቶ ብቻ ቀርቶን ነበር። ቢፍቱ እያየች ገለጸችላት፤ ጊንጪ ከተማ ፎቶ ቤት ውስጥ የተነሡ ሁለት ልጃገረዶች፣ ከኋላቸው መጋረጃ ላይ የተሣለ አውሮፕላን፣ አንደኛዋ ሰዓት አድርጋለች።

“ሰዓት ያደረገችው እኔ ነኝ” አለች አዮ። “ሰዓቱ የፎቶ አንሺው ነው ብለሽ ጻፊ።”

“እሺ። ‘አዮ ከጓደኛዋ ጋር፣ ጊንጪ። ሰዓቱ የፎቶ አንሺው ነው።’”

“አይደለም።”

“ሰዓቱ?”

“ያቺ አዮ አይደለችም። ያኔ ጋዲሴም የምትባል አልነበረችም” አለች። “ጋዲሴን ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው፣ ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ዕለት። ጥላ ትሁነን ብለው። ጥሩ ስም ነው፣ ኖሬበታለሁ፣ አልከፋኝም።”

ወላጆቿ በልጅነቷ ነው የሞቱት፣ ጭልሞ ጫካ አጠገብ አክስቷ ናት ያሳደገቻት፣ አክስቷም እኔ ሳልወለድ ሞታለች። ከዚያ ወገን ቤታችን መጥቶ በሌላ ስም የጠራት ሰው ሰምቼ አላውቅም። ስለ አኮ ስንት ወር ሳስጨንቃት የራሷን ጠይቄያት አላውቅም።

“ከዚያ በፊት ማን ነበርሽ አዮ?”

“ዲንቄ” አለች። ድንቅ ማለት ነው፣ ታውቁታላችሁ። በጣም ቶሎ ብላ ነው ያለችው፣ ልሰማው አልደረስኩም ማለት ይቻላል።

ጻፍኩት።

“ጻፍሽው?”

“ጻፍኩት።”

“አንብቢልኝ እንግዲህ፣ እኔ አላየው።”

ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ። “...ከጓደኛዋ ጋር፣ ጊንጪ። ሰዓቱ የፎቶ አንሺው ነው።”

“መጀመሪያውን ዘለልሽው።”

በየጠዋቱ እዚህ አገር እናቴን የሚያክሉ ሴቶችን በስማቸው እየጠራሁ አነሣለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ምንም አይመስለኝም። ይቺን አንድ ቃል ግን ዓይኔ ያነባታል፣ አፌ ይከፈታል፣ ምላሴ አትነሣም። እናቴ ናት። እናት በስሟ ትጠራለች?

“አዮ” አልኩ።

“እሱን አውቀዋለሁ” አለች። “አክስቴ ከሞተች ወዲህ በዚያኛው የጠራኝ የለም። አንድ ጊዜ ልስማው ብዬ ነው። ቢፍቱ፣ አንቺስ?”

ቢፍቱ ዝም አለች። አዮ ጠበቀችን፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

“አየሽ” አለችኝ፣ አልተቆጣችም። “አይወጣም አይደል?”

ከዚያ አገራችሁ ዛሬ ዝናብ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።